በሌላው ደስታ መደሰት

በሰው ኀዘን ማልቀስ ይከብዳል ወይስ በሰው ደስታ መደሰት? ይህን ጥያቄ ያነሣሣብኝ፣ መብራት በጠፋበት አንድ የጁባ ምሽት በእጅ ስልኬ ያነበብሁት ሳቅ የሞላበት የፍቅር ልብ ወለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የኬሲ ማክዊስተን «ቀይ፣ ነጭና ንጉሣዊ ሰማያዊ» የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅና የእንግሊዝ ልዑል መጀመሪያ ሲናቆሩ፣ ኋላም ሲዋደዱ ይተርካል። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ፍጻሜያቸውም ደስታ ነው።

የተከለከለ ፍቅር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የባላባት ልጅ ሰብለ ወንጌልና የድኻ ልጅ በዛብህ የዘመናቸውን ሥርዐት ተላልፈው ሲዋደዱ፣ ከሥርዐቱ ሳይሆን ከእነርሱ ጋር ወግነናል። ይሁንና እንባችንን ያፈሰስነው በመቃብራቸው ላይ ነበር። ሙት ሥርዐት አያፈርስምና ለእርሱ ማዘን አያስፈራም።

እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር ይህን ቀድሞ ተረድቶታል። የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚተርከውን «ሞሪስ»ን እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 ሲጽፍ መጨረሻውን ሆን ብሎ ደስታ አደረገው፤ በሞት ቢደመድመው ኖሮ ማሳተሙ እንደሚቀል ራሱ አምኗል። መጽሐፉ የታተመው ደራሲው ከሞተ በኋላ፣ በ1971 ነው።

በምንኖርባት በደቡብ ሱዳን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 248 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። የኢትዮጵያም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ወንጀል ያደርገዋል። እንግዲህ ሌላ አገር ለመዝናኛ የሚነበበው መጽሐፍ እዚህ ክብደት አለው።

«ማንበብ መደገፍ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ይህን ግንኙነት መንቀፉ አይዘነጋም። በዚያው መልእክት ግን ደስ ከሚላቸው ጋር መደሰትን ከሚያለቅሱት ጋር ከማልቀስ አስቀድሞ አዟል። ሁለቱን ቃላት በአንድ ልብ መያዝ የእያንዳንዱ አማኝ ፈተና ነው።

መጽሐፉ ማንንም እምነቱን እንዲለውጥ አያስገድድም። ነገር ግን ከአንድ ሰው ጋር፣ በልብ ወለድም ቢሆን፣ አብሮ የሳቀ አንባቢ ያንን የመሰለ ጎረቤቱን ለዱላ አሳልፎ ለመስጠት እጁ ይከብደዋል። በመቃብር ላይ የሚፈስ እንባ ለሟቹ አይደርስለትም፤ በደስታው መደሰት ግን በሕይወት ሳለ ይደርስለታል።