ያስለቀሰበትንስ ማን ይተርክልን?

የጽሑፍ ሥራዬን አድርሼ ስመለስ ስታዲየም ላይ ባቡር ተሳፍሬ ጉርድ ሾላ እወርዳለሁ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በዚህ የከተማ ባቡር ውስጥ ማታ ማታ መጽሐፍ ማንበብ የማይታሰብ ነው፤ ገጽ ለመግለጥ የጎረቤትን ክርን ማስፈቀድ ያሻል። ስለዚህ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የሰው ሕይወት አዳምጣለሁ። ታስሮ የተፈታ፣ ደኽይቶ የከበረ፣ ተሰዶ የተመለሰ ሰው እውነተኛ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ይማርከኛል። አንዳንድ ቀን እንባዬ ሲመጣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ከዚያ ጉርድ ሾላ ይደርሳል፤ እወርዳለሁ። ከፌርማታው አጠገብ ልጅ ታቅፋ የምትቀመጠውን ሴት ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ አንድም ቀን ቆሜ አነጋግሬያት አላውቅም ነበር። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነዋ!

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር አብረን እንመርምረው። የሌላውን ሰው እውነተኛ መከራ ሰምተን ልባችን ሲነካ ምን አደረግን ማለት ነው? ደግ ሆንን? ወይስ ደግ የሆንን መሰለን?

ማዳመጡ ለእኛ አዲስ አይደለም። ተራኪን የመሳሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች ከመምጣታቸው በፊትም ብዙዎቻችን መጽሐፍን ያወቅነው በጆሯችን ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ እንደ ጎረቤት ልጅ ያላዘነ ማን ነበር? የሚገርመው ግን የዚያው መጽሐፍ ደራሲ የሐዲስ ዓለማየሁ የራሳቸው ሕይወት ነው። በፋሺስት ወረራ ጊዜ በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሥር ዘምተው፣ ተማርከው፣ ወደ ኢጣሊያ ተግዘው ዓመታት በእስር አሳልፈዋል። የዚያን ዘመን ነገር በ1985 ዓ.ም. በታተመው «ትዝታ» ውስጥ ጽፈውልናል። ራስ እምሩም «ካየሁት ከማስታውሰው» የተሰኘ ማስታወሻ ትተው አልፈዋል። ለሰብለ ያፈሰስነውን እንባ ያህል ለእነዚህ እውነተኛ እስረኞች አፍስሰናል? አይመስለኝም። ለልብ ወለድ ሰው ማልቀስ ቀላል ነው፤ ዕዳ የለበትም። ሰብለ መጥታ በራችንን አታንኳኳም።

ዣን ዣክ ሩሶ በ1758 እ.ኤ.አ. ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ ቴአትርን የወቀሰው በዚሁ ምክንያት ነበር። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ ተመልካቹ መድረክ ላይ ለታየው መከራ አልቅሶ ሲወጣ ለሰው ልጅ የሚገባውን ሁሉ ከፍሎ የጨረሰ ይመስለዋል የሚል ነው። እንግዲህ ሩሶ ይህን ያለው ለፈጠራ ታሪክ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ባለታሪኩ በእርግጥ ተርቧል፣ በእርግጥ ተገርፏል። እኔ ግን የእሱን ረኀብ ለመንገዴ ማሳጠሪያ አድርጌዋለሁ።

አባቶቻችን ይህን አደጋ ሳያውቁት አልቀሩም። የቅዱሳን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ከስንክሳር ሲነበብ፣ ገድላቸው ሲተረክ፣ ብዙኀኑ ምእመን በጆሮው የሚቀበል ሰሚ ነበር። ሆኖም ገድሉ ብቻውን አልቆመም። ቀኑ ሲደርስ ዝክር አለ፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይጋገራል፣ ድኻ ይጠራል። የሙስሊሙ መንዙማም ቢሆን የሚደመጠው በጀማ መካከል ነው፤ ሰሚው ጎኑ ያለውን ሰው ያያል፣ አብሮት ይቀበላል፣ አብሮት ዱዓ ያደርጋል። ታሪኩ ጆሮ ላይ አያበቃም፤ ወደ እጅ ይወርዳል። የእኔ ማዳመጫ ግን ዝክር የለውም።

ሰው የሰውን ሕይወት ሰምቶ አይማርም ማለቴ አይደለም። በልጅነታቸው በዐድዋ ዘመቻ ተገኝተው ከዚያ ወደ ሩሲያ የተሻገሩትን የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «የሕይወቴ ታሪክ» አንብቦ ወይም ሰምቶ ሐሞቱ የማይጠነክር ወጣት ያለ አይመስለኝም። ግን ደግሞ ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስቡ። ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄደው በረኀብ ከተመታው ሕዝብ መካከል ሕፃናት ይዘው የተመለሱ፣ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የብዙዎች እናት ሆነው የኖሩ ሴት ናቸው። እርሳቸው መንገድ ላይ ሲያዩ ቆሙ። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ የቆሙትን የእርሳቸውን ታሪክ እየሰማሁ በመንገዴ ያለችውን ሴት አለፍኳት። ከዚህ የባሰ ምን ፌዝ አለ?

አሁን ወደ ቤቴ ልመልሳችሁ። አክስቴ አሳዳጊዬ ናት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ ጊዜ ሲያጥረኝ ስልኬን ከፍቼ ትረካ አሰማት ጀመር። ባለፈው ክረምት የአንድ የደርግ ዘመን ባለሥልጣን ማስታወሻ ሲተረክ አብረን ሰማን። ማንነቱን መግለጥ ለጉዳዬ አያስፈልግም። ተራኪው የት እንደሚያዘግም፣ የት ዝም እንደሚል የሚያውቅ፣ ድምፀ መልካም ሰው ነው። ባለታሪኩ ስለታሰረበት ሌሊትና ስለናፈቁት ልጆቹ ሲያወራ እኔ አለቀስኩ። አክስቴ አላለቀሰችም። ሽንኩርቷን በእጇ እየዳበሰች መላጧን ቀጠለች። ትረካው ሲያበቃ ግን እንዲህ አለች፦

«ሰውዬው ያለቀሰበትን ሁሉ ነገረን። ያስለቀሰበትንስ?»

ይህቺ አነጋገር ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ስለዚያ ዘመን ከየወገኑ ተጽፏል፤ ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን፣ ሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ»ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን አበርክተዋል። ከየአቅጣጫው መጻፉ መልካም ነው። ግን የማናቸውንም ሰው ማስታወሻ ስናዳምጥ የአክስቴን ጥያቄ ይዘን ብንሰማ አይከፋም። መጽሐፍ ሲሆን ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ ያመሳክራል፤ ድምፅ ግን እያባበለ ይዞን ይሄዳል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የተወጋበትን እንጂ የወጋበትን ለማስታወስ ይቸግረዋል። የምኖርበትን ሰፈር ስም ተመልከቱ። ሾላው እንደተጎረደ ይነግረናል፤ ማን እንደጎረደው ግን አይነግረንም።

አክስቴ ያን ያለችው ስለ ወንድሟ ብላ መሰለኝ። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ፎቶግራፉ ግድግዳችን ላይ አለ፤ ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። እሱን ልትደግምልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር አመጣች።

«እኔም አለብኝ» አለች።

ወንድሟ ከተወሰደ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊት በር ተንኳኳ። የወንድሟ ጓደኛ ነበር። ድምፁን አወቀችው። «እቴ፣ እስኪነጋ ብቻ» አላት። ቤት ውስጥ አሮጊት እናቷና ሁለት ሕፃናት ተኝተዋል። በሩ ሥር በባዶ እግሯ ቆማ ትንፋሿን ዋጠች። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ከዚያ እርምጃው ራቀ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ወሬውን ሰምታ አታውቅም።

«ሰው ሲጠይቀኝ የወንድሜን ነው የምነግረው፤ ያለቅስልኛል» አለች። «ይኼንን ብነግረው ማን ያለቅስልኛል?»

የምመልሰው አጣሁ። ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አድጌ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ሕይወት በየማታው እየሰማሁ፣ የእሷን ግን ሰምቼ አልጨረስኩም ነበር። በሩን መክፈት ነበረባት ልበል? በዚያ ሌሊት በዚያ ቤት አልነበርኩም። ከፍታ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እሷንም ሕፃናቱንም አናገኛቸውም። ጥፋት የለብሽም ልበላት? እሷ እንደሆነች ማጽናኛ አልለመነችኝም። የፈለገችው የሚሰማት ሰው ነበር።

በደቡብ አፍሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ፊት የቀረበው የምስክርነት ቃል በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ሕዝቡ የልጆቻቸውን ሬሳ የሚጠይቁ እናቶችን ድምፅ በየቤቱ ሰማ። ምሕረት የጠየቀ ሰው ደግሞ የፈጸመውን ሁሉ መናገር ግዴታው ነበር፤ ያስለቀሰበትን ማለት ነው። ይህ አካሄድ ገዳይ ተናግሮ ነጻ ሲወጣ ማየት በመረራቸው ቤተሰቦች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ተቃውሟቸውም እውነት አለው። በእኛ አገር የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ታይቶ ጥፋተኛ ተብለዋል። ፍርድ ቤት ግን የሚያየው ክስ የቀረበበትን ነው። ያልተከፈተ በር መዝገብ የለውም። እሱን ሊሰማ የሚችለው አጠገብ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት የደረስኩበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። የተቀረጸ ድምፅ ከሰሚው ምንም አይጠብቅም፤ ሲሰለቸን እናጠፋዋለን። ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ግን ዓይናችንን ይጠብቃል፣ ነገም ያገኘናል። ስለዚህ የትረካው ዋጋ የሚለካው ከጠፋ በኋላ ማንን እንድንሰማ ባደረገን ነገር ይመስለኛል። ያ የባለሥልጣኑ ማስታወሻ እኔን አስለቅሶኝ አለፈ። ለአክስቴ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ተዘግቶ የኖረ አፏን ከፈተላት። ከሁለታችን በደንብ ያዳመጠችው እሷ ናት።

ልጽፈው እንደሆነ ስጠይቃት ዝም ብላ ቆየች።

«ስሜን ተዪው» አለችኝ በመጨረሻ። «በሩን ግን እንዳትተዪው።»

ባለፈው ሳምንት ከባቡር ስወርድ ማዳመጫዬን ነቅዬ ከሴትየዋ አጠገብ ቆምኩ። ስሟን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ታሪኳን አልጠየቅኋትም። ልጇ ተኝቶ ስለነበር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስለ ብርዱ ጥቂት አወራን።