የራስ «ተመስገን»፣ የሰው «ተመስገን»

የእኛ ሰላምታ ራሱ ጸሎት ነው። አየር ጤና ታክሲ ተራ ጠዋት ላይ ቆማችሁ ጆሯችሁን ብትሰጡ ይኼንኑ ነው የምትሰሙት። «እንዴት ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «እንዴት አደርሽ?» «አልሐምዱሊላህ።» «ቤተሰብ ደህና?» «ተመስገን ነው።» ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የተጠየቀው ስለ ሰውየው ነው፤ የተመለሰው ግን ስለ ፈጣሪ ነው። ሰውየው እንዴት እንደሆነ አልተነገረንም። የቤት ኪራይ ተጨምሮበት ይሁን፣ ልጅ ታሞበት ይሁን፣ ማታ ምን ቀምሶ እንዳደረ አናውቅም። ጠያቂውም አይደግምም። ታክሲው ይመጣል፣ ተጋፍተን እንገባለን፣ በቃ።

እኔ ይህችን ቃል እወዳታለሁ። እናቴ ያሳደገችን መሶቡ ላይ ከጎመን ሌላ ነገር ባልነበረባቸው ቀናት «ጎመን በጤና፣ ተመስገን» እያለች ነው። ለማስመሰል አልነበረም፤ ከልቧ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ቃሏን ለማጣጣል አይደለም። ግን አንድ ሰው አንድ ቀን ይህችን ቃል ከአፌ ላይ መለሳት። ከዚያ ወዲህ ሳላስብ አውጥቻት አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ነበር፤ ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ የምንለው፣ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲገለበጥበት የኖረው የቆሻሻ ተራራ ተናደ። ሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ዋጣቸው። ቁፋሮው ቀናት ፈጀ። የሬሳው ቁጥር በየጠዋቱ ሲጨምር ሰንብቶ በመጨረሻ ከ110 አለፈ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። አገር አለቀሰ።

እኔ ከተጎጂዎቹ አንዱን አውቀው ነበር። ዘነበወርቅ አካባቢ በአንዲት የሸራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለዓመታት ጫማዬን የሰፋልኝ ሰው ነው። ቤቱ ከናዳው ትንሽ ፈንጠር ያለ ስለነበር እሱ፣ ሚስቱና ልጆቹ ተርፈዋል። የሚስቱ እህት ግን ከሁለት ልጆቿ ጋር አልተረፈችም። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ከሰፈር ሰዎች ጋር ሆኜ ለቅሶ ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተቀላቅሎ ተቀምጧል። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዝም ማለት ከበደኝ። እኛ የተማርን የምንባል ሰዎች ዝምታ ያስጨንቀናል መሰለኝ፤ የሆነ ነገር ካላልን የመጣንበት አይመስለንም። እናም አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩት። «አይዞህ፣ የራስህን ልጆች አትርፎልሃል። እግዚአብሔርን አመስግን።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። «ጋሼ፣ እሱን እኔ እለዋለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ሌላ ይበሉኝ።»

ሌላ ምን እንደሚባል አላወቅኩም። አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ከድንኳኑ ጀርባ አንዲት የዕድር እናት ከጠዋት ጀምሮ ድስት ያጥባሉ። ከእኔ ቀድመው ነው የመጡት፤ እኔ ከተነሳሁም በኋላ እዚያው ነበሩ። አንድ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። ቃሉ አንድ ነው። እሱም «ተመስገን» ሊል ነው፣ እኔም ያልኩት ያንኑ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የሚለየው? የሚለየው ዋጋው ነው። እሱ ሲለው ሦስት ሬሳ አፈር አልብሶ፣ ከፈጣሪው ጋር ያለውን ሒሳብ ራሱ ተሳስቦ ነው። እኔ ስለው ምንም አላወጣሁበትም። እንዲያውም አተረፍኩበት፤ ከሐዘኑ ፊት ቶሎ የምነሳበትን መንገድ አገኘሁበት። በእሱ አፍ ጸሎት የሚሆነው ቃል በእኔ አፍ መሰናበቻ ሆነ።

ከዚህ የባሰም ነገር አለ። ያን ተራራ ማን ከመረው? ያኔ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚል ሰው አልጠፋም ነበር። ግን ቆሼ ከሰማይ አልወረደም። በየሳምንቱ ከየቤታችን በማዳበሪያ እየታሰረ የወጣ የሁላችንም ትራፊ ነው፤ የእኔም የብርቱካን ልጣጭ እዚያ ውስጥ አለ። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች «ውኃችንን በከለብን፣ ከብታችንን ጎዳብን» ብለው ሲቃወሙ በወራት ውስጥ ተዘጋና መኪናዎቹ ዞረው ወደ ቆሼ መጡ። ከዓመት በታች ቆይቶ ተራራው ተናደ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከከማሪዎቹ አንዱ የሆንኩት እኔ ነኝ ክምሩ የወደቀበትን ሰው «አመስግን» ያልኩት።

እዚህ ላይ «ታዲያ ነገሩ ሁሉ ማደንዘዣ ነው በለና ገላግለን» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እኛ በወጣትነታችን በቀበሌ የውይይት ክበብ ይህንኑ ተምረን አድገናል። ማርክስ ሃይማኖትን ከማደንዘዣ ጋር ያመሳሰለባትን ዐረፍተ ነገር ሳናላምጥ ውጠናታል። ሰውየው እዚያው ቦታ ላይ ሃይማኖትን ከተጨቆነ ሰው የሚወጣ የምሬት ትንፋሽም አድርጎ እንዳየው ግን ማንም አልነገረን። ለማንኛውም እኔ በዓይኔ ያየሁት ሰው የደነዘዘ አልነበረም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥላው ሥር ተመልሶ ወስፌውን ይዞ አገኘሁት። እንዴት እንደቻለው ጠየቅኩት። «ሌሊት ሌሊት ከእሱ ጋር እጣላለሁ» አለኝ፤ በጣቱ ወደ ላይ እያመለከተ። «ሊነጋ ሲል እንታረቃለን። ሌላ የት እሄዳለሁ ጋሼ?»

የደነዘዘ ሰው አይጣላም። ይህ ሰው ያለውን ቃል በቃል ባይሆንም ኢዮብም ብሎታል። የኢዮብን ታሪክ ስናወራ ትዕግሥቱን ብቻ ነው የምናወራው፤ መጽሐፉን ለከፈተው ግን አብዛኛው ገጽ ሙግት ነው። ወዳጆቹ መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀመጡ። ያኔ ደህና ነበሩ። የተበላሹት አፋቸውን ከፍተው ስለ እግዚአብሔር ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በተሟገተው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በጠበቆቹ ላይ ነው። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ከማን ወገን እንደነበርኩ መገመት አያቅታችሁም።

በታክሲ መስታወት ላይ የምንለጥፈውንም ቃል እንየው። ሐዋርያው ጳውሎስ ኃይል በሚሰጠው በክርስቶስ ሁሉን እንደሚችል የጻፈው ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት 4ኛ ምዕራፍ ላይ ነው፤ የጻፈውም ታስሮ ሳለ ነው። ስቲከሩ ላይ የማይገቡ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው፣ ባለው መርካትን እንደተማረው ይናገራል እንጂ አብሮት እንደተወለደ አይናገርም። ጠግቦም ተርቦም አይቶ፣ በራሱ ቆዳ የተማረው ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ብሎ ሳይጨርስ በመከራው ስለተካፈሉት የፊልጵስዩስን ሰዎች ያመሰግናቸዋል። በአፍሮዲጡ እጅ የሚያስፈልገውን ልከውለት ነበር። «እሱ ጠንካራ ነው፣ አምላኩ አለው» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለቱም አሉ፦ የታሳሪው እርካታና የወዳጆቹ ስንቅ። እኛ የመጀመሪያውን ቆርጠን ለጥፈን ሁለተኛውን ጣልነው።

የሙስሊም ጎረቤቶቼም ይህን ያውቁታል። ተወኩል ይሉታል፣ በአላህ መመካትን። ነቢዩ መሐመድ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀ ሰው፣ መጀመሪያ እንዲያስር ከዚያ እንዲመካ እንደመለሱለት በሐዲስ ተጽፏል። እኔ በዚህ ላይ የራሴን ልጨምር፦ ግመሉ የጎረቤት ከሆነ፣ ጎረቤትህን «ተመካ» ከማለትህ በፊት ገመዱን አቀብለው።

ከሟቾቹ የተወሰኑት የተቀበሩበት እዚያው ሰፈር ያለው የገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ገብረ ክርስቶስ በእኛ ዘንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጻድቅ ነው፤ በዓሉም ጥቅምት 14 ይከበራል። የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ፣ በኋላም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት፣ እዚያው ዘነበወርቅ በመሆኑ ከየገጠሩ ለሕክምና የመጡ ሕሙማን ወደ አገራቸው መመለስ ሲያፍሩ ወይም ሲከለከሉ በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው ቀርተዋል። ቆሼም መጥቶ ጎረቤታቸው ሆነ። ገድሉ እንደሚለው ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ነበር። ሠርጉን ትቶ ወጣ፤ ሕመሙንም ለምኖ ተቀበለ፤ በኋላም በገዛ አባቱ ደጅ ማንም ሳያውቀው እንደ ለማኝ ኖሮ ሞተ። ማንነቱ የታወቀው ጽፎ ከተወው ነገር ነው።

በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የምናደንቀው የጻድቁን ትዕግሥት ነው። ልክ ነው፣ ይደነቃል። ግን ጻድቁ መርጦ ነው የገባበት። የቆሼ ሥር ሰው ማን አስመረጠው? ደግሞስ በዚያ ታሪክ ውስጥ ሌሎችም ሰዎች አሉ፤ በየቀኑ በዚያ ደጅ ሲገቡና ሲወጡ የነበሩት። እኔና እናንተ በታሪኩ ውስጥ ቦታ ቢሰጠን የሚደርሰን የእነሱ ነው። የጻድቁ ትዕግሥት እነሱን ነፃ አያወጣም፤ እንዲያውም ይከሳቸዋል።

እንግዲህ ማለት የፈለግኩት ይህችን ብቻ ነው። በጭንቅ ቀን በእግዚአብሔር መደገፍ፣ በጎደለም ቀን «ይበቃኛል» ማለት፣ ትልቅ ኃይል ነው። ግን ሰው ለራሱ የሚለው እንጂ ለሌላው የሚያዝዘው መድኃኒት አይደለም። ለራሴ «ይበቃኛል» ስል እምነት ነው። ለጎረቤቴ «ይበቃሃል» ስል ስስት ነው።

እኔም ተራዬ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. ባለቤቴ ታማ ለወራት ተኛች። ጠያቂው ብዙ ነበር፣ ምስጋና ይግባው። ከጠያቂው ግማሹ «ሌላውን አይተህ አመስግን» ይለኝ ነበር። ልክ ናቸው፤ ከእኔ የባሰበት ሞልቷል። ሆኖም እያንዳንዱ ሲወጣ ቤቱ ይበልጥ ጭር ይልብኛል። ሌሊት መጸለይ እንኳ አቅቶኝ ነበር። አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ፤ ጫማ ሰፊው ነው። ከሰፈራችን ውኃ ከጠፋ ሳምንት ሆኖት ነበር። ሁለት ጀሪካን ሙሉ ውኃ ተሸክሞ መጥቷል። አስቀመጠ፣ ባዶዎቹን አነሳ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ ከአጠገቤ ተቀምጦ ቡናውን ጠጣ። ስለ እግዚአብሔር አንድ ቃል አልነገረኝም።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ «ተመስገን» ስል ራሴን ሰማሁት። ማንም አላዘዘኝም። ሕመሙ እንዳለ ነው፣ ጭንቀቱም አልሄደም። ግን ቃሏ ከውስጥ ወጣች፤ እናቴ እንደምትላት። እሱ ውኃውን ባያመጣ ያን ማታ የምላት አይመስለኝም። ለካ የሰው እጅ ሲደርስ ምስጋናው ራሱ መንገዱን ያገኛል። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» የሚለው ተረታችን ፈጣሪን የሚፎካከር ሳይሆን የሚያግዝ ነው።

ባለቤቴ ዛሬ ደህና ናት። ጫማ ሰፊውም ያው ጥላው ሥር ነው። አሁን ሳገኘው «እንዴት ነህ?» እለዋለሁ። «ተመስገን ነው ጋሼ» ይለኛል። እኔም «እሱስ ይመስገን፤ አንተስ?» ብዬ እደግማለሁ። መጀመሪያ ቀን ሳቀብኝ። ከዚያ ወስፌውን አስቀምጦ ስለ ትልቋ ልጁ ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ወገቡ ሕመም ነገረኝ። ታክሲዬ አመለጠኝ። ሌላ መጣ።

ቸር ይግጠመን።