መብራትን ዝቅ ስለማድረግ

ሰው ለሚያውቀው ሰው የሚሰጠው ክብርና ለማያውቀው የሚሰጠው ክብር አንድ ነው ወይስ ሁለት? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በመጽሐፍ ላይ ብቻ ሲብላላ ስለሚቀር፥ እስቲ ዛሬ ወደ አስፋልት እናውርደውና ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አድርጎ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በመኪና መብራት እንመርምረው። ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነውና፥ ስለ መንገድ ጠባይ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ስም ያለው ቦታ አይገኝም።

አባቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ የመንገድ ሥርዐት ነበራቸው። ከበታች ያለው ታላቁን ከመንገድ ሲያገኝ ከበቅሎው ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር፤ የነጠላው አጣጣል ሳይቀር እንደ ሰውየው ማዕርግ ይለዋወጥ ነበር። የማይታወቅ መንገደኛም ቢሆን ፊቱ ታይቶ፥ አለባበሱ ተመዝኖ፥ ሰላምታው በልኩ ይሰጠው ነበር። መልካም ሥርዐት ነው፤ ነገር ግን ዐይንና የቀን ብርሃን ይፈልጋል። የመኪና መንገድ ከመሸ በኋላ ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ከፊት የሚመጣው ሁለት መብራት ብቻ ነው፤ ከመብራቱ ኋላ የተቀመጠው ዳኛ ይሁን የአሸዋ ጫኝ ሾፌር፥ ዘመድ ይሁን ባዕድ አይታወቅም። ዝቅ ያደረገለት አመስጋኝ አያገኝም፤ ያላደረገውም ስሙ አይነሣም። ከፊት ለፊት ተሽከርካሪ ሲመጣ ረጅሙ መብራት እንዲቀነስ የትራፊክ ደንብ ያዛል፤ ዳሩ ግን ከማንኩሳ ወዲያ በጨለማው መካከል ደንቡን የሚያስከብር ፖሊስ ከየት ይመጣል? እንግዲህ የሾፌሩን እጅ ወደ መብራቱ መቀነሻ የሚወስደው ምንድን ነው?

ብዙዎቹ ሾፌሮች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው፤ «ዝቅ ካደረገልኝ ዝቅ አደርግለታለሁ» ይላሉ። ይህ የገበያ ፍትሕ ነው፤ እኩል ሰጥቶ እኩል መቀበል። ገበያ ያለ እርሱ አይቆምምና ክፉ ሕግ አልለውም። ክፋቱ የሚታየው አንዱ እምቢ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ለቅጣት ብሎ ረጅሙን መብራት እንደያዘ ይቀጥላል። አሁን ሒሳቡን እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። በብርቱ ብርሃን የተመታ ዐይን ጨለማውን እንደገና እስኪለምድ ጥቂት ሴኮንዶች ይፈልጋል፤ ሦስት ብቻ ብንል፥ 50 ሜትር በዕውር ዐይን ተነዳ ማለት ነው። የተቀጣው ሰው ደግሞ ወደ ሌላ አገር አይሄድም፤ ያሳወርኸው እርሱ ራሱ ነው በክንድ ርቀት በአጠገብህ የሚያልፈው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ አጭር መብራት ወደ ቀኙ ጠርዝ ያዘነበለ ነው፤ እንደ ጃፓን በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራው ደግሞ ወደ ግራ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መሪው ተዛውሮለት መብራቱ እንዳለ የቀረ የጃፓን መኪና፥ ሾፌሩ ዝቅ ቢያደርግም የመጪውን ዐይን መውጋቱን አይተውም። እንዲህ ያለውን ሾፌር ባለጌ ከማለት በፊት መካኒኩን መጠየቅ ይገባል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የገበያው ፍትሕ በሁለት ባለ መብራቶች መካከል እንኳ እንዲህ የሚሰናከል ከሆነ፥ መብራት የሌለውን ሰው ምን ያደርገዋል? በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በሰፋው ግጭት ምክንያት የሌሊት ጉዞ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ማምሻና ንጋት ግን አልቀሩም። ጎሕ ሳይቀድ በርበሬና በቆሎ በአህያ ጭኖ ለገበያ የሚወጣው ገበሬ፥ መብራት የሌለው የፈረስ ጋሪ፥ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትገሠግሠው እናት፥ እነዚህ ሁሉ በአስፋልቱ ጠርዝ አሉ። ዝቅ ቢደረግላቸው መልሰው ዝቅ የሚያደርጉት ነገር የላቸውም። ሁለት መኪኖች ብርሃን ለብርሃን ሲፋጠጡም በመካከል ያለው እግረኛ ለሁለቱም አይታይም።

አዲሱ መሣሪያስ? ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በመንገዳችን በዝቷል፤ መብራቱም ነጭና ስል ነው። አንዳንዱ የፊቱን በካሜራ እያየ ረጅሙን መብራት በራሱ ይቀንሳል። ደግ ፈጠራ ነው፤ የማይበቀልና የማይቆጣ ሾፌር ማለት ነው። ነገር ግን ይህ መሣሪያ በተለመደው አሠራሩ የሚፈልገው የሌላ መኪና መብራትን ነው፤ የፊት መብራት ወይም የኋላ ቀይ መብራት ሲያይ ዝቅ ይላል። ባለ ጋቢዋን ሲያገኝ ግን ብዙ ጊዜ እንደ በራ ያልፋል። ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ በአውሮፓ የፍጥነት መንገድ ላይ እግረኛ እንዲሄድ አይፈቀድም። ክብርን ለባለ መብራት ብቻ የሚሰጥ ጨዋነት ግን፥ እንደ ማዕርጉ አይቶ ከበቅሎ ይወርድ ከነበረው ሰው ጨዋነት ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሾፌር፥ «እግረኛውን ከሩቅ የማየው በረጅሙ መብራት ነው፤ ዝቅ ባደርግ የምገድለው እኔ ነኝ» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። ሙግቱ ከባድ ነው፤ እውነትም አለበት። አጭሩ መብራት ከ40 እስከ 50 ሜትር ያህል ያሳያል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግን አስተዋይ ሾፌር እንኳ ፍሬን ይዞ እስኪያቆመው በደረቅ አስፋልት ላይ ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ፍጥነቱ እንዳለ ሆኖ መብራቱን ብቻ ዝቅ ማድረግ ለእግረኛው ስጦታ አይደለም። ከሩቅ በረጅሙ አይቶ፥ ካዩት በኋላ መብራቱንም ፍጥነቱንም አብሮ ዝቅ ማድረግ ነው የሚፈለገው። ለመኪና የሚሰጠው ትሕትና በአንድ ጣት ይፈጸማል፤ ለእግረኛ የሚሰጠው ግን ጊዜ ያስከፍላል፤ ሰው የሚሸሸውም ይህን ክፍያ ነው።

ክፍያው ስንት ነው? ከ80 ወደ 40 ዝቅ ብሎ 200 ሜትር የሚሄድ ሾፌር የሚዘገየው 9 ሴኮንድ ነው። በእነዚያ 9 ሴኮንዶች ገበያተኛው ልጁን በእጁ ስቦ አህያውን ከአስፋልቱ ያወርዳል።