ከዮርዳኖስ ወደ ምድረ በዳ፦ ወጣቶቻችንና የኢንተርኔት ሕይወታቸው



ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን ጥምቀትና በምድረ በዳ የደረሰበትን ፈተና ያለ ክፍተት አያይዞ ይተርካል። በምዕራፍ 3 ፍጻሜ አብ የሚወደው ልጁ መሆኑን ከሰማይ ይመሰክርለታል፤ በምዕራፍ 4 መጀመሪያ ፈታኙ ቀርቦ በዚያው ልጅነት ላይ ጥርጣሬ ይዘራል። በቤተ መቅደሱም ጫፍ አቁሞት፣ ራሱን በመወርወር ልጅነቱን እንዲያሳይ ይጠይቀዋል። ጌታችን ግን የአባቱን ድምፅ አስቀድሞ ሰምቷልና ለማንም ማሳየት አላስፈለገውም።

ዛሬ ወጣቶቻችን ማታ ማታ የሚቆሙት በዚህ ጫፍ ላይ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ፎቶግራፏን በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም ካሰራጨች በኋላ ስንት ሰው እንደ ወደደላት እየቆጠረች ታመሻለች። ቁጥሩ ሲያንስ፣ ወይም የማታውቀው ሰው በመልኳ ሲሳለቅ፣ የገዛ ዋጋዋ የቀነሰ ይመስላታል። ይህን ሕመም «የልጅ ነገር» ብለን ልናልፈው አይገባንም። በእኛ ዘመን የሰፈር ስድብ በራችንን ስንዘጋ ውጭ ይቀር ነበር፤ የአሁኑ ግን እስከ ትራስ ሥር ይከተላል።

መፍትሔው ስልኩን መንጠቅ ነው የሚሉ ወላጆች አሉ። ጭንቀታቸውን እንረዳለን፤ ለሕፃናትም ገደብ ማበጀት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እናቱ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ድምፅዋን የሚሰማው በዚያው ስልክ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ መነጠቅን የሚፈራ ልጅ ችግር ሲደርስበት አፉን ይዘጋል። አታላዮች በወዳጅነት ቀርበው የሚያሳፍር ፎቶግራፍ ከተቀበሉ በኋላ «ገንዘብ ካልላክህ ለቤተሰብህ እናሳያለን» እያሉ የሚያስፈራሩት ይህን ዝምታ ተማምነው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ አስቀድሞ ከወላጁ አፍ ሊሰማው የሚገባ ቃል አለ፦ ምንም ቢደርስብህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም፤ አብረን እንወጣዋለን።

ገንዘብ አይከፈል፤ አንድ ጊዜ የተከፈለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። መልእክቶቹ አይሰረዙ፤ ማስረጃ ናቸውና። ጉዳዩም ለፖሊስ ይነገር። በሀገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት እንዲህ ያለው ማስፈራራት ወንጀል ነው፤ የሚጠየቀውም አስፈራሪው ነው እንጂ ልጁ አይደለም። እናንተም መምህራን፣ የሰማችሁትን ችግር ስም ሳትጠሩም ቢሆን በክፍል ውስጥ ምሳሌ አታድርጉት፤ በትንሽ ቁምስና ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል።

ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2025 ቅድስናውን ያወጁለት ካርሎ አኩቲስ፣ በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር ያረፈ ወጣት ነው። ስለ እርሱ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምናነሣው የቅዱስ ቁርባንን ተአምራት በኢንተርኔት ማስተዋወቁን ብቻ ነው። ለወጣቶቻችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ይመስለናል፦ የቪዲዮ ጨዋታን በሳምንት ለ1 ሰዓት ብቻ ወስኖ በየዕለቱ ቅዳሴ ያስቀድስ ነበር። ኮምፒዩተር የሚወድ ልጅ ነበር፤ ማንነቱን ግን ከኮምፒዩተር አልለመነም።

ታዲያ የዮርዳኖሱን ድምፅ ለልጆቻችን እንዴት እናሰማቸው? መምህራን በዚህ ሩብ ዓመት አንድ ነገር እንዲሞክሩ እንጠይቃለን። በአንድ እሑድ ቆሞሱን አስፈቅዳችሁ መዝገበ ጥምቀቱ ይውጣ፤ ለእያንዳንዱ ወጣት የተጠመቀበት ቀን፣ የጥምቀት ስሙና የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስም ይነበብለት። ቀኑንም ጽፎ ከስልኩ ሽፋን ውስጥ ያኑረው። የክርስትና አባቶችና እናቶችም በዚያው ዕለት ይጠሩ፤ ከጥምቀቱ ቀን ወዲህ ልጁን አንድም ጊዜ ያላነጋገሩት ጥቂቶች አይደሉምና።