«ኧረ ይቀመጡ» ማለት ማክበር ነው?

እኛ ትልቅ ሰው ስናከብር እናስቀምጣለን። እማማ ሊያጥቡ፣ አባባ ሊኮተኩቱ ሲነሱ፦ «ኧረ ይቀመጡ፣ እኔ እያለሁ!» ፍቅር ነው፣ ማን ይክዳል? ግን ያልሠራ ጡንቻ ይሰልላል፤ ሚዛን ይጠፋል፤ ከዚያ መውደቅ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩ የጉልበት ብቻም አይደለም። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ለአንዱ ቡድን የራሱን ጉዳይ እንዲወስንና ተክል እንዲንከባከብ ኃላፊነት ተሰጠው። የሌላውን ቡድን ተክል ሠራተኞች ያጠጡለት ነበር። ከሳምንታት በኋላ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው የተገኙት ኃላፊነት የተሰጣቸው ናቸው።

«እና ሽማግሌ እናሠራ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ማረፍ መብታቸው ነው። ግን መብት የሚሆነው ራሳቸው ሲመርጡት ነው፤ እኛ ስንወስንላቸውማ በትህትና የተነገረ ክልከላ ነው። ሰውን «አያስፈልጉም» የምንለው በስድብ ብቻ አይደለም፤ በደግነትም እንላለን። ስለዚህ መጀመሪያ እንጠይቃቸው። ገበያ መሄድ ካሰኛቸው ዘንቢሉን ይዘንላቸው አብረን እንሂድ እንጂ ቤት አናስቀራቸው።