ስም የሌለው ሲኒ

እ.ኤ.አ. በ2004 «ቤስት ኦፍ ፓናማ» በተባለው የቡና ውድድር ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም። ዳኞቹ በማንኪያ እየጨለፉ፣ ድምፅ እያሰሙ እየማጉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ አንዱ ሲኒ ላይ ቆም አሉ። የጃስሚን አበባ የሚመስለው ሽታና ለስለስ ያለው የሎሚ ቃና የመካከለኛው አሜሪካ አልመስል አላቸው። አንዳንዶቹ የኢትዮጵያ ቡና የቀመሱ መሰላቸው።

ምላሳቸው አልዋሸም። ቡናው የተለቀመው ቦኬቴ ከሚባለው ተራራማ አካባቢ፣ «ኤስሜራልዳ» ከሚሰኘው የፒተርሰን ቤተሰብ እርሻ ነው፤ ዘሩ ግን የወጣው በሚዛን ተፈሪ በኩል ከሚደረስበት ከጌሻ ጫካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዞች ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያስለቀሙት ዘር ወደ ኬንያ ተሻገረ፣ በታንዛኒያ በኩል አድርጎ በ1953 ኮስታ ሪካ የምርምር ጣቢያ ደረሰ፣ በ1960ዎቹም ፓናማ ገባ። እዚያ ለአርባ ዓመት ያህል ልብ ያለው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከሌላው ቡና ጋር እየተደባለቀ ይሸጥ ነበርና። ፒተርሰኖች የየማሳቸውን ምርት ለየብቻ ሲቀምሱ ነው እንግዳው የተለየው። በዚያ ዓመት የኢንተርኔት ጨረታ አንድ ፓውንዱ 21 ዶላር አወጣ፤ ያኔ ጉድ የተባለ ዋጋ ነበር። በ2025 እዚያው ጨረታ ላይ የዚሁ እርሻ የጌሻ ዘር ቡና 98 ነጥብ አግኝቶ አንድ ኪሎው በ30,204 ዶላር ተሸጧል።

ዶን ሆሊ የተባለ የታወቀ ቀማሽ በዚህ ቡና ሲኒ ውስጥ የእግዚአብሔርን ፊት አየሁ ማለቱ በቡና ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይወራል። ፊት እንዳያይ ታዝዞ ከተቀመጠ ዳኛ አፍ ሲወጣ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል።

ፈገግታው እንዳለ ሆኖ፣ ከስሩ የቆየ ጥያቄ አለ። ፍርድ እውነተኛ የሚሆነው ዳኛው ብዙ ሲያውቅ ነው ወይስ ጥቂት ሲያውቅ? ሃይማኖት ሁለቱንም ያስተምራል። ኦሪት ዘሌዋውያን ዳኛውን የሚያስጠነቅቀው ለባለጸጋው እንዳይሽቆጠቆጥ ብቻ አይደለም፤ ለድሃው ራርቶም እንዳያደላ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ከዳኛ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የመጨረሻው ፈራጅ ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ የሚፈርደው ሁሉን አውቆ፣ ልብና ኩላሊት መርምሮ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ቁመናውን አይቶ ኤልያብን ሊቀባ ሲል የታረመው በዚህ ነው፤ የዓይኑ ፍርድ ተሽሮ ከበግ ጥበቃ የተጠራው ታናሹ ተቀባ። ታዲያ የሰማዩ ፍትሕ ልኩ ሙሉ እውቀት ከሆነ፣ የምድሩ ፍትሕ ልኩ ስለ ምን አለማወቅ ሆነ?

መልሱ ሰው ስለሆንን ነው። ሰው ካወቀ ያጋድላል። የአገራችን የጥንት ተሟጋቾች ይህን ያወቁት ገና ዱሮ ነው፤ በበላ ልበልሃ ዘመን ማርና በቅሎ እያስያዙ የሚወራረዱት ባላጋራዎች አላፊ አግዳሚውን አስቁመው ዳኘን ይሉ ነበር። መንገደኛው ማንንም አያውቅም፤ ብቃቱም ይኸው ነበር።

በዚህ ጉዳይ እንደ ብሪጅ የተፈተነ ጨዋታ የለም። ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ጨረታ አለ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ስንት ዙር እንደሚያሸንፍ ይጫረታል፣ በጨረታውም ለአጋሩ ስለ እጁ ይነግረዋል። የሚፈቀደው ወሬ በጨረታውና በሚጣለው ካርታ የሚነገረው ብቻ ነው። አንዱ ከመጫረቱ በፊት ቢያመነታ አጋሩ ማመንታቱን አይቶ እንዳላየ መሆን አለበት። በማመንታቱ ተመርቶ ከሆነ የውድድሩ ዳኛ ውጤቱን ያስተካክላል። ለዚህ ደግሞ ሰውየውን አጭበርባሪ ማለት አያስፈልገውም፤ ፍርዱ ስለ ውሳኔው እንጂ ስለ ሰውየው ነፍስ አይደለም። ብዙ ፍርድ ቤት ሊቀናበት የሚገባ ጨዋነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ቦነስ አይረስ ላይ እንግሊዛውያኑ ቴረንስ ሪስና ቦሪስ ሻፒሮ በጣታቸው ምልክት ይሰጣጣሉ ተብለው ተከሰሱ። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ጥፋተኛ አላቸው። በአገራቸው የተቋቋመው አጣሪ ደግሞ በማግስቱ ዓመት ጥፋቱ አልተረጋገጠም ብሎ ነፃ አወጣቸው። አንዱ ጣታቸውን ያዩ ምስክሮችን አመነ፤ ሌላው በጨረታቸው ውስጥ የስርቆት ፍሬ ፈልጎ አጣ። አሥር ዓመት ቆይቶ ቤርሙዳ ላይ ጣሊያኖች በጠረጴዛ ስር እግር ለእግር ሲነካኩ ታዩ ተባለ፤ መፍትሔ ተብሎ ከጠረጴዛው ስር የቡና ጠረጴዛ ተደነቀረ። በአጋሮች መካከል መጋረጃ የተጀመረውም በዚያው ውድድር ነው። ከዚያ ኮሮና መጣና ጨዋታው በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ገባ። ፊት የለ፣ ድምፅ የለ፣ እግር የለ፤ ፍጹም መጋረጃ የተገኘ መሰለ። በ2020 ግን ስመ ጥር ተጫዋቾች፣ ፖላንዳዊው ሚካል ኖቮሳድዝኪ አንዱ ሆኖ፣ በሌላ ስም እንደ ተመልካች ገብተው የሁሉንም እጅ እያዩ መጫወታቸውን አመኑ። መጋረጃው ፊትን ቢሸፍንም ፍላጎትን አይሸፍንም።

ከሚዛን፣ ከሸኮና ከቴፒ የሚነሳ የቡና መኪና የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቦንጋ ቅርንጫፍ ሲደርስ የሚጠብቀው መጋረጃ ከዚህ ብዙ አይለይም። ከጭነቱ ናሙና ይወሰዳል፣ ለናሙናው ኮድ ይሰጠዋል፤ ቀማሹ የአቅራቢውን ስም አያይም። ከመቶው ነጥብ 40ው ለጥሬው ነው፤ ጉድለቱ ይቆጠራል፣ ሽታው ይፈተሻል። 60ው ለሲኒው ነው፤ ለንጽሕና 15፣ ለአሲድነት 15፣ ለቦዲ፣ ማለትም አፍ ውስጥ ለሚሰማው ውፍረት 15፣ ለቃና 15። ቀማሾቹ ሲቀምሱ ዝም ይላሉ። ዝምታው ለአክብሮት አይደለም፤ የአንዱ «እ!» ማለት የሌላውን ነጥብ ይለውጣልና። የቅንድብ መነሳት እንኳ ወሬ ነው።

እስከዚህ ድረስ መጋረጃውን የሚነቅፍ ካለ ነገሩ አልገባውም። የቡና አቅራቢና የመንግሥት ሹም በሚተዋወቁበት አገር ኮድ ትልቅ ነገር ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው ከላቦራቶሪው በር ውጭ ነው።

ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሲቋቋምና በማግስቱ ዓመት የቡና ግብይት በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ ስም የለሽነቱ አብሮ ወደ ጨረታው አዳራሽ ወጣ። ካኪና አረንጓዴ ጃኬት የለበሱት ተገበያዮች እየጮኹ ሲጫረቱ፣ ዋጋ ሲቆርጡም መዳፍ ለመዳፍ ሲመታቱ ይገዙ የነበሩት ምድብና ደረጃን ነው። ከየኪ ወረዳ የመጣውም ከቤንች የመጣውም በአንድ ምድብ አንድ ደረጃ ካገኘ ለገዢው አንድ ዕቃ ነበር። እሌኒ ለዚህ ጥሩ መከራከሪያ ነበራቸው፤ አቅራቢው በትውውቅ ሳይሆን በዕቃው ይዳኛል፣ ገንዘቡን በማግስቱ ያገኛል፣ ዋጋው ለሁሉም በግልጽ ይታያል። ገንዘቡ ለወራት ተይዞበት የሚያውቅ ነጋዴ ይህን በቀላሉ አያየውም። ጩኸቱና መዳፉም በ2008 ዓ.ም. ለኮምፒውተር ግብይት ቦታ ለቀቁ።

የጠፋው ነገር ግን ትንሽ አልነበረም። በቀማሹ ፊት ለአንድ ሰዓት የተሸፈነው ስም በጨረታው ላይም ተሸፈነ፣ በመርከቡም ላይ ተሸፈነ፣ ቶኪዮ ወይም ሐምቡርግ ሲደርስም አልተገለጠም። በሸኮ ጫካ ስር ጥሩ ቡና የለቀመው አርሶ አደር እና ግድ ሳይሰጠው ጥሬና ብስሉን ያጨደው ጎረቤቱ አንድ ጆንያ ውስጥ ታረቁ። ጌሻ ፓናማ ውስጥ ለአርባ ዓመት ተደባልቆ የኖረበት ዕጣ እናት አገሩ ውስጥ በደንብ ተጽፎ ሥርዓት ሆነ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ይህን ለማላላት የወጣ ነው፤ ቡናው ከባለቤቱ ጋር እንዲታወቅና ላኪና አቅራቢ በቀጥታ እንዲገናኙ በር ከፍቷል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር መጋረጃን እንዴት መያዝ እንደሚገባ ያሳያል። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስተናግደው 1,459 ናሙናዎች ገቡ። ኮሮና ዓለም አቀፍ ዳኞቹን ስለከለከለ ናሙናዎቹ በየአገሩ ወዳሉ የቅምሻ ማዕከላት ተላኩ። ቀማሾቹ ደጋግመው ቀመሱ፣ ኮዱ እስከ መጨረሻው ተቆለፈ። ውጤቱ ሲታወጅ ግን 91.04 ነጥብ ያገኘው ሲኒ ባለቤት ስም በአደባባይ ተነበበ፤ የሲዳማው አርሶ አደር ንጉሤ ገመዳ። በኢንተርኔቱ ጨረታ አንድ ፓውንዱ 185.10 ዶላር ወጣለት፤ ጠቅላላ ሽያጩም ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ስሙ ለፍርዱ ሲባል ተወስዶ ፍርዱ ሲያልቅ ከነወለዱ ተመለሰ።

ቢሆንም ዳኛው ዓይኑን ቢሸፍን ሚዛኑ ራሱ አድሏዊ ሊሆን ይችላል። ቴፒ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የበበቃ ሰፊ እርሻም ከዚያ የዘለለ ከፍታ የለውም። በእንዲህ ያለ ሞቃት ቆላ ፍሬው ቶሎ ይበስላል፤ ሲኒው ቦዲ ይኖረዋል እንጂ እንደ ደጋው ቡና ስል አሲድ አይገኝበትም። ቅጹ ለቦዲና ለአሲድነት እኩል 15 ቢሰጥም ባለ ብዙ ዶላሩ ተጫራች የሚሮጠው ወደ አበባና ፍራፍሬ ሽታ ነው። የበበቃ ቡና ኮድ ቢለጠፍበትም የትውልድ አገሩን ከፍታ በምላስ ላይ ይናገራል። ይህ በደል ነው ማለት ይከብዳል፤ ሯጭ በፍጥነቱ እንደሚዳኝ ቡናም በጣዕሙ ይዳኝ ዘንድ ግድ ነው። ግን ጣዕም የተባለው የማን ጣዕም እንደሆነ መጠየቅ የተገባ ነው። ቤንችና ሸኮ ከቡና ቅጠል በቅመማ ቅመም የሚያፈሉት ጨሞ በየትኛውም የቅምሻ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ይህን ጥያቄ ቀማሾቹ ራሳቸው መጠየቅ ጀምረዋል። ስፔሻልቲ ኮፊ አሶሲየሽን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን ባለ መቶ ነጥብ ቅጽ በ2024 በአዲስ ተክቷል። አዲሱ አሠራር ሲኒው ምን ምን እንደሚል መግለጽንና ቀማሹ ምን ያህል እንደወደደው መናገርን ለየብቻ ያደርጋል። ከዚያም አልፎ ሲኒው ውስጥ የማይገኘውን ነገር የሚመዘግብ የተለየ ገጽ አለው፤ የአምራቹ ማንነት፣ ቦታው፣ የምስክር ወረቀቱ እዚያ ይሰፍራል። ለዘመናት መጋረጃ ሲጎትት የኖረ ሙያ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውም ዋጋ አለው ብሎ ማመኑ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ገጽ ላይ ማን እንደሚጻፍ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አዳም ኦቨርተንና ራሔል ሳሙኤል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጌሻ አካባቢ ያለሙት «ጌሻ ቪሌጅ» እያንዳንዱን ማሳ በየስሙ እየጠራ በራሱ የኢንተርኔት ጨረታ ይሸጣል። ሰፊ እርሻ ያለው ይህን ማድረግ ይችላል። የሸኮ አርሶ አደር ግን እሸቱን የሚያስረክበው ብዙ ሰው በአንድ ቀን በሚያራግፍበት መቀበያ ነው፤ እዚያ የሚጻፍለት ኪሎውና ብሩ ነው፣ ቡናው ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ክምር ውስጥ ይገባል። ኮዱ የተሰጠው ቡና ገና ከመቀመሱ በፊት ባለቤቱ ጠፍቷል።

አሁን ግን ስሙ ሳይጠራ ሊቀር አይችልም፤ የጠራው ግን ቀማሽ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ ያለበትን ቦታ በካርታ ነጥብ እንዲያሳይ ያዛል። ተግባራዊነቱ ቢራዘምም ዝግጅቱ ተጀምሯል። ትልቅ ዛፍ ስር ቡና እየለቀመ የኖረው የደቡብ ምዕራብ አርሶ አደር ማሳው በሳተላይት እየተለካ ነው፤ የሚጠየቀውም ቡናህ እንዴት ይጣፍጣል ተብሎ ሳይሆን ጫካውን መቼ ነው የመነጠርከው ተብሎ ነው።