ብድር በምድር

በመካነ ሰላም ዙሪያ ሲመሽ ከየጎጆው የኩበት ጭስ ይነሣል። እራት እየተሠራ ነው። እኔን ግን አንድ ጥያቄ ይይዘኛል፤ ለምንተነፍሰው አየርና ለምናነደው እሳት ብድሩን የምንመልሰው ለማን ነው?

ልጆች ሳለን የሰማነው መልስ ቀላል ነበር። ዛፍ ኦክሲጅን ይሰጠናል፣ እኛም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንሰጠዋለን፤ በቃ ተካካስን! እርግጥ ሒሳቡ በወረቀት ላይ እኩል ነው። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ከ6 የካርቦን ዳይኦክሳይድና ከ6 የውሃ ሞለኪውል አንድ ስኳር ይሠራል፤ 6 ኦክሲጅንም ይለቃል። የኛ ሕዋስ ደግሞ ያንኑ ስኳር በኦክሲጅን አፍርሶ ጉልበቱን ሲወስድ፣ የሚተርፈው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው።

ዳሩ ግን ዛፉም ይተነፍሳል። እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1771 ሻማ ነዶ የጠፋበትን አየር የናና ቅርንጫፍ ሲያድሰው አየ። በ1779 ኢንገንሁዝ ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ እንደሆነ፣ በጨለማ ግን ተክሉ ራሱ አየሩን እንደሚያበላሽ አሳየ። እንግዲህ የደንቆሮ ጫካ አስታ ስኳሩን የሚሠራው ለራሱ ነው፤ ቀንም ሌትም ከዚያው ይበላል። ለእኛ ብሎ ያደረገው የለም። ታዲያ ሳይታሰብልን ለደረሰን ነገር ዕዳ አለብን ወይ?

አለብን እላለሁ። ዕዳው የሚመጣው ከሰጪው አሳብ ሳይሆን ከተቀባዩ ዕውቀት ነውና። «ተፈጥሮ ራሷ ታስተካክለዋለች» የሚል ሰው የአየሩን ሒሳብ ብቻ ነው የቆጠረው። ኩበቱን እንይ። ላሚቱ ሣር በላች፤ በሣሩ ውስጥ የፀሐይ ጉልበት ነበረ። ሕዋስ ቀስ በቀስ የሚያደርገውን እሳቱ በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። ካርቦኑ በነፋስ ሄዶ የትም አገር ቅጠል ይሆናል። ናይትሮጅኑም አብዛኛው ከጭሱ ጋር ይበናል፤ ለዚያ ማሳ ግን አይመለስለትም። አየሩ ብድሩን ሲያገኝ መሬቱ ተራቁቶ ይቀራል።

እዚህ ላይ እናቶቻችንን መውቀስ እንዴት ይቀለናል! ኩበት የሚነደው እንጨት ስለራቀ ነው። እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ ሞለኪውል የምጽፈው በኩበት እሳት የተጋገረ እንጀራ በልቼ አድጌ ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ያልሠራንላትን፣ በጓሮዋ ችግኝ ያልተከልንላትን እናት «መሬቱን አራቆትሽ» ለማለት ምን አፍ አለን?

ዛፉ ሳያውቅ ሰጠ፤ እናታችንም ሌላ ምርጫ አጥታ አነደደች። ሒሳቡን የተማርነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ብድሩ ያለው በእኛ ላይ ነው። አበው «ብድር በምድር» ሲሉ ሰው ለሰው ስለሚመልሰው ውለታ ነው። ለእኛ ግን ቃሉ እንዳለ ይሠራል፤ ብድሩ የሚከፈለው ለምድሪቱ ነው።